አሸዋ አንጥፈው ያስተኟት

እሑድ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ። አባቴ ሳሎን ከተቀመጠበት ወንበር አልተነሣም። እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ወደ እኔ ዞረች።

"ግቢ አንቺ። እስክጠራሽ እንዳትወጪ።"

መኝታ ቤቴ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። በቀጭኑ ክፍተት የሳሎኑ ግማሽ ይታየኛል፤ የአባቴ ጉልበት፣ ትልቁ ምንጣፍ፣ የመግቢያው በር። ሦስት ሽማግሌዎች ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። መሃል ላይ ያሉት ረጅሙ አዛውንት ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ የኦሊያድ አባት ታላቅ ወንድም። በግራቸው ጎረቤታቸው አቶ በንቲ፣ በቀኛቸው ደግሞ የንስሐ አባታቸው አባ ሚሳኤል።

እኔን ለኦሊያድ ሊጠይቁ ነው የመጡት። አባቴ እምቢ እንደሚል ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ያስጨነቀኝ ግን እሱ አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊት ኦሊያድ ፊቴን እያየ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። "አባትሽ እምቢ ቢል ደስ ይልሻል እንዴ?"

አልመለስኩለትም። መልሱን ስላላወቅሁት ነው ያልመለስኩት። አሁንም፣ ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ቆመው፣ አላውቀውም።

*

ሰባት ዓመት ተሰሎንቄ ኖሬ ከተመለስኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ላፍቶ ውስጥ፣ ሐዋርያው መልእክት ከጻፈላቸው ሰዎች ከተማ ተምራ መጣች ሲባል፣ ሃይማኖት የተማርኩ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። እኔ የተማርኩት ግን ከመሬት የወጣ ድንጋይ መጠገን ነው። የጥንት ሐውልት አጸዳለሁ፣ የተሰበረውን አጋጥማለሁ፣ ሊፈረካከስ ያለውን አጸናለሁ። እናቴ የሥራዬን የመጀመሪያ ፎቶ ስታይ አማትባ ነበር።

"ጣዖት ስትፈልጊ ነው የከረምሽው?"

"እማዬ፣ ሐውልት ናት።"

"ሰው ሰግዶላታል?"

"ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት።"

"እና ጣዖት ናታ!"

ከተመለስኩ በኋላ ማመልከቻ ያላስገባሁበት ቦታ የለም። ሁሉም "እንደውልልሻለን" አሉኝ። ጠዋት ስነሣ ለምን እንደመጣሁ አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይጠፋብኛል። እንዲህ በሆንኩበት ሰሞን ነው አባቴ ለቤቱ ደረጃ የሚሆን እብነ በረድ ሊመርጥ፣ ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ ማርብል ቤት አስከትሎኝ የሄደው።

ከጸጉሩ እስከ ጫማው ነጭ አቧራ የለበሰ ሰው ግራይንደሩን አጥፍቶ ወደ እኛ መጣ። አባቴ የመረጠውን ጠፍጣፋ በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ።

"ይሄን አይውሰዱ ጋሼ። ውስጡ ታሟል።"

አባቴ ተናዶ ሌላ መረጠ። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ ሰው ጣቶች መንቀል አቃተኝ። ድንጋይ እንደዚያ የሚያዳምጥ ሰው ተሰሎንቄ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር ያየሁት። በሳምንቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ሰበብ እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየሁት።

በመጨረሻው ዓመቴ፣ በሰሜን ግሪክ ባለች ትንሽ መንደር፣ ወይራ ዛፎች መሃል ስንቆፍር ያገኘናት ናት። ዲሜትራ ትባላለች፤ የጥንት ግሪኮች የእህል አምላክ አድርገው ያመልኳት ነበር። ቁመቷ ከሰው ይበልጣል። በግንባሯ ተደፍታ ነው የተገኘችው። ግራ ትከሻዋ ላይ የሌላ ሰው እጅ አለ፤ ከአንጓው ላይ የቀረ፣ ባለቤቱ የሌለች የሴት እጅ።

"ማን ጣላት?" አለኝ።

"ጠላቶቿ። አዲሱ ሃይማኖት ሲመጣ ጉድጓድ ውስጥ የወረወሯት ይመስለናል።"

"ይመስለናል? እናንተ እነማን ናችሁ?"

"የተማርነው።"

ሳቀ። ፎቶውን በሁለት ጣቶቹ ለጠጠው። ከዚያ መሳቁን ተወ።

"አልተወረወረችም። እብነ በረድ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሄደው አፍንጫ ነው። ከዚያ ጣት። የእሷ አፍንጫ አለ፣ ጣቶቿም አሉ። ከሥሯ ያለው ምንድን ነው? የወንዝ አሸዋ አይደለም?"

"ነው።"

"ዙሪያው ያለው አፈር ግን ቀይ ነው። እኛ የጠረብነውን ስናስተኛ አሸዋ እናነጥፍለታለን፣ ፊቱ እንዳይቧጨር።" ቀና ብሎ አየኝ። ሽፋሽፍቶቹ ሳይቀሩ ነጭ ነበሩ። "ይቺን ሴትዮ የቀበራት ጠላት አይደለም እህቴ። የፈራላት ሰው ነው።"

"እጁስ?"

"አልተሰበረም። ጠርዙን ተመልከቺው፤ ሽብልቅ የገባበት ቦይ አለ። ለያይተዋቸው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ስላልቻሉ ነዋ! ሌላዋ ሩቅ አትሆንም። ሸክም የከበደው ሰው ሩቅ አይሄድም።"

ስምንት ሰዎች፣ ሦስት ፕሮፌሰሮች፣ ያንን ፎቶ ለወራት አይተነዋል። እሱ ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወደ ቤት ስሄድ ፊቴ ይግል ነበር፤ በእፍረት ይሁን በሌላ ነገር ለመለየት አልደፈርኩም። ያን ማታ ያለኝን ሁሉ ተሰሎንቄ ላለችው መምህሬ ጻፍኩላት።

*

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ መሄድ ለመድኩ። ያልተሸጡ ጠፍጣፋዎች ላይ ተቀምጠን ፓስታ በእንጀራ ከአንድ ሳህን እንበላለን። አንድ ቀን ኦሊያድ የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነች ጠየቀኝ።

"ልጇ ናት። ፐርሰፎኒ። ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም መሬት ተከፈተ፤ የሙታን አገር ንጉሥ በሰረገላ ወጥቶ ነጥቋት ገባ።"

"ጠለፋ ነዋ!"

"ጠለፋ ነው።"

"አባቷስ ምን አለ?"

"አባቷ ለእናቷ ሳይነግር ፈቅዶ ነበር።"

"ኤጭ! ሽማግሌ ቢልክ ምን ነበረበት? ሰረገላ ያለው ሰውዬ!"

ሳቅሁና ቀጠልኩ። እናትየዋ ልጄ ካልተመለሰች እህል አላበቅልም እንዳለች፣ ምድር እንደደረቀች፣ በመጨረሻ ልጅቷ እንድትመለስ እንደተፈቀደ ነገርኩት። "ግን እዚያ ሳለች የሮማን ፍሬ ቀምሳ ነበር። የሙታንን ቤት ምግብ የቀመሰ የዚያ ቤት ሰው ነው። ስለዚህ የዓመቱን ግማሽ ከእናቷ ጋር፣ ግማሹን ደግሞ እዚያ ትኖራለች።"

"እንዳንቺ" አለኝ።

ማኘኬን አቆምኩ።

"ቀልዴን ነው እኮ፣ ሚካዬ።"

አልቀለደም። ሁለታችንም አውቀነዋል። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ ከመሬት ውስጥ አልወጣብሽም። በበር ነው የምመጣው" አለ።

"በየትኛው በር?"

"በአባትሽ በር። አጎቴ ያውቁታል ቦታውን። ጤፍ ያርሱበት ነበር።"

ላፍቶ የእርሻ መሬት እንደነበረ አውቃለሁ፤ የማያውቅ የለም። እርሻው የሰው ስም እንደነበረው ግን አስቤ አላውቅም። አባቴ ቦታውን ያገኘው በማኅበር ነው። ከማን እንደተወሰደ ያኔ አልጠየቀም፤ በኋላ ግን ሳይነገረው አልቀረም፤ ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ኦሊያድ ይህን የነገረኝ ያለ ምሬት፣ የታክሲ መንገድ እንደሚነግረኝ ነበር። እኔ ግን ያን ማታ ይህ ሰው በሬን ሲያንኳኳ አባቴ ምን እንደሚያይ ገባኝ።

*

ደብዳቤው የመጣው አርብ ነው። ከተሰሎንቄ፣ ከመምህሬ፣ በኢሜይል። በወረቀት ላሳየው ብዬ ጀሞ ድረስ ሄጄ ከነፎቶው አሳተምኩትና ማርብል ቤቱ ደረስኩ። ኦሊያድ ጓንቱን አውልቆ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለኝ። እንግሊዝኛውን ቀስ እያለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር ያነበበው።

"የጻፍሽልኝ ትክክል ነበር" ይላል ደብዳቤው። "ከእናትየዋ አራት ሜትር ርቀት ላይ አገኘናት። በወንዝ አሸዋ ላይ፣ በግንባሯ ተኝታ። እጇ ብቻ የላትም። ይህን ያየ ዓይን እዚህ ያስፈልገናል። የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅቼልሻለሁ፤ እስከ ማክሰኞ መልስሽን እጠብቃለሁ።"

ኦሊያድ መጨረሻውን አላነበበም። ፎቶው ላይ ደርሶ ጮኸ።

"አገኟት! እናንተ ሰዎች፣ አገኟት! አላልኩም? ሩቅ አትሆንም አላልኩም?"

የሥራ ጓደኞቹ ግራይንደሮቻቸውን አጥፍተው ተሰበሰቡ። አንዱ "ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?" አለው። ሌላው ፎቶውን አይቶ "ይቺ ናት እንዴ? ቆንጆ ናት፤ ግን ትንሽ ከበድ ትላለች" አለና ሁሉም ሳቁ። ኦሊያድ እንደ ልጅ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ስሜን እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው? በእንግሊዝኛ ሁሌ ያበላሹታል።"

ዓይኔን ወደ ጠፍጣፋዎቹ አዞርኩ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ሰው ነገር ሲገባው እንዲያ ነው የሚያደርገው።

"አልጻፍኩትም" አልኩት።

ጽፌው ነበር። "ላፍቶ ያለ አንድ እብነ በረድ ጠራቢ በስልኬ ፎቶ ላይ አይቶ" ብዬ ጀምሬ አጠፋሁት። አያምኑኝም ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን፣ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አንዴ እንኳ እኔ ያወቅሁት ቢመስልልኝ ብዬ ነው። ይህን ሁሉ ለኦሊያድ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ያወጣሁት ግን "ይቅርታ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ወረቀቱን አንስቶ መጨረሻውን አነበበ። ሁለቴ አነበበው።

"ዓይኔን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?"

"እሄዳለሁ አላልኩም።"

"አልሄድም ብለሻል?"

ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና አፈር ሲያራግፍ ሰማሁ።

"ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ" አለ። "ቀን ተቆርጧል። ቀን ከተቆረጠ በኋላ ተዉት ብላቸው ኦቦ ጉተማ ያፍሩብኛል። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ እምቢ ቢል ደስ ይልሻል እንዴ?"

ጠበቀኝ። ከዚያ ጓንቱን አድርጎ ግራይንደሩን አስነሣ፤ ነጩ አቧራ በመሃላችን ቆመ። እየሄድኩ ወደ ኋላ መዞር ፈራሁ። ሲያየኝ ባገኘውም ሳያየኝ ባገኘውም ልቋቋመው አልችልም ነበር።

*

"ቁጭ በሉ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆማችኋል?" አለ አባቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አባ ሚሳኤል። "አቶ ምትኩ፣ ወይዘሮ ብርነሽ፣ ቤታችሁን ወደን፣ ልጃችሁን ወደን መጥተናል። ልጃችን ኦሊያድ ዋቅጅራ ልጅ ይሁናችሁ፤ ልጃችሁን ሚካልን ስጡን።"

እናቴ ውሃና ለስላሳ በትሪ ይዛ ቀረበች። ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እሺ ሳንባል ውሃም አንቀምስም፣ እመቤት።"

ወጉ ነው። ልጅ ጠያቂ የሴቷን ቤት ውሃ ከቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ካልተፈቀደለት ጉሮሮው እንደደረቀ ይመለሳል። እናቴ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ቆመች።

"ልጁ ምን ይሠራል?" አለ አባቴ፣ እያወቀ።

"እብነ በረድ ይጠርባል።"

"የኔ ልጅ ሰባት ዓመት ውጭ አገር የተማረች ናት።"

"እሷም የተማረችው ድንጋይ ነው ብለውናል" አሉ አቶ በንቲ። "እሱም ድንጋይ፣ እሷም ድንጋይ። በምን ተለያዩ?"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን አየሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወደ ኦቦ ጉተማ ዞረ፤ ድምፁ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ቁጣ መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነው።

"እርስዎን አውቅዎታለሁ፣ ኦቦ ጉተማ። ይህ ቦታ የማን እንደነበር ሰው ነግሮኛል። በልጄ በኩል ልታስመልሱት ነው የመጣችሁት?"

ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከተናገረ በኋላ ሊመልሰው አይችልም። ኦቦ ጉተማ ምንጣፉን ቁልቁል ተመለከቱ።

"አሁን የቆምኩበት ላይ ጤፍ ነበር" አሉ። "መሬት ብፈልግ ኖሮ ጠበቃ ይዤ እመጣ ነበር፣ አቶ ምትኩ። ቄስ ይዤ አልመጣም።"

መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተጎተተ። ግንባራቸው በላብ ማብረቅረቅ ጀምሮ ነበር፤ አባቴ ግን አላየውም፤ እሱም የሚያየው ምንጣፉን ነበር።

"ይሁን። መሬቱን እንተወው" አለ። "ግን ለማን ነው የምትጠይቁት? ልጄ ልትሄድ እኮ ነው! ደብዳቤ መጥቶላታል፣ ከግሪክ። እናቷ ነግራኛለች። ለሚሄድ ሰው ሽማግሌ ይላካል?"

ሦስቱም ተያዩ። ኦሊያድ አልነገራቸውም ነበር። በኔ አፍሮ ሳይሆን ለኔ ብሎ እንደደበቀው ገባኝ።

ከዚያ ኦቦ ጉተማን አዞራቸው። ግድግዳውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሳቱት፣ በቀስታ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ሰውዬው ጠጥተው ነው እንዴ የመጡት?" አለ አባቴ።

እናቴ ግን ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበረች። አንድ እርምጃ ወስዳ እጃቸውን ያዘች።

"በረዶ ሆነዋል። ስኳር አለባቸው?"

"አለባቸው" አሉ አቶ በንቲ። "መርፌያቸውንም ጠዋት ወግተዋል።"

"ምን በሉ?"

"ምንም። ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ ሳይፈቀድልኝ አልቀምስም ብለው ቁርሱንም ተዉት።"

"መርፌውን ወግተው ቁርሱን ተዉ! ወይኔ አምላኬ!" እናቴ ወደ ማድ ቤት ሮጣ ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። ከንፈራቸው ላይ አስጠጋችላቸው። ኦቦ ጉተማ ጥርሳቸውን ነከሱ።

"ይጠጡ አባቴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይኖቻቸው እናቴን አልፈው አንድ የማይታየኝ ነገር ያያሉ። "እሺ... ይባል" አሉ፣ በተጣበቁ ጥርሶቻቸው መሃል።

አባ ሚሳኤል ተንበረከኩ። "ጉተማ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት። ኃጢአት የለበትም፣ ይጠጡ!"

አልጠጡም። እናቴ ጉንጫቸውን ይዛ ልታስከፍታቸው ሞከረች፤ ስኳሩ በጺማቸው ላይ ወረደ። መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን ሁሉ በዚያች ክፍተት፣ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ ነበር የማየው። ሰው እያየሁት ሊሞት ነው፤ እኔ በቆምኩበት ቤት፣ እሱ ባረሰው መሬት ላይ፣ በእኔ ምክንያት።

"ምትኩ!" አለች እናቴ። "ራሳቸውን ሊስቱ ነው። ከሳቱ በኋላ በአፍ ላጠጣቸው አልችልም። እሺ በላቸው!"

አባቴ ቆሞ ነበር። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነጥቷል።

"እሺ ብዬ ነገ ብትሄድስ? ቄስ ፊት ዋሽቼ፣ ሽማግሌ አታልዬ? ልጠይቃትና ትንገረኝ እንጂ! ሚካል!"

አባቴ በዚያች ቅጽበት "እምቢ" ማለት ይችል ነበር። ስንት ቀን የጠበቅሁት እምቢ ይሄው፣ ሳይባል አለፈ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

በሩን ከፈትኩ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት ከክፍሏ አትወጣም፤ አቶ በንቲ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ኦቦ ጉተማ አጠገብ ተንበረከክሁ። ከቅርብ ሳያቸው የአገጫቸው አወራረድ ኦሊያድን ነው። እናቴ ብርጭቆውን በእጄ አስጨበጠችኝ።

"እፈልገዋለሁ" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ አባቴ።

"ኦሊያድን እፈልገዋለሁ አባዬ።"

"አትሄጂም?"

"መሄዴን አላውቅም።" "እሱን መፈለጌን ግን አውቃለሁ። እሺ በላቸው፤ እባክህ እሺ በላቸው!"

አባቴ መሬት ላይ ወርዶ በአንድ ክንዱ የሽማግሌውን ራስ ደገፈ። እነዚያን ጺሞች ሲነካ እጁ አመነታ፣ ከዚያ አላመነታም።

"ሰጥቻለሁ፣ ኦቦ ጉተማ። ቄሱ ይስሙኝ፣ ሰጥቻለሁ። ይጠጡ!"

ጥርሶቻቸው ተላቀቁ። የመጀመሪያው ጉንጭ በአገጫቸው ፈሰሰ። ሁለተኛው ገባ። እናቴ በጣቷ ማር ይዛ ድዳቸውን ቀባች። ደቂቃዎቹን አልቆጠርኩም። አባ ሚሳኤል ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ የኦቦ ጉተማ ዓይኖች ከሩቅ ተመልሰው መጡና ዙሪያቸውን፣ ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ስኳሩ" አሉ ቀስ ብለው፣ "በዝቷል።"

አቶ በንቲ እየሳቁ አለቀሱ። አባቴ አልሳቀም፤ ክንዱንም አላነሣም። የሽማግሌው ራስ እሱ ላይ እንደተደገፈ ተቀመጠ፣ ልቀቅ የሚለው የጠፋ ይመስል።

*

መኝታ ቤቴ ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ስልኬን አወጣሁ። ፊደሎቹን እየሳትኩ ለመምህሬ ጻፍኩላት። "ያየው ዓይን የኔ አይደለም። ስሙ ኦሊያድ ዋቅጅራ ይባላል፤ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ፣ እብነ በረድ ጠራቢ ነው። የነገርኩሽን ሁሉ እሱ ነው የነገረኝ። ስለ ውሉ ከዚህ በኋላ እንደ ፈቀድሽ።" ሳላነበው ላክሁትና በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

አግቢ በዚያ ቀን ወደ ሴቷ ሰፈር አይጠጋም። ኦሊያድ ግን መንገዱ ጥግ ላይ፣ ከተከመረ የኮብልስቶን ድንጋይ ጀርባ ቆሞ ነበር። የእሑድ ሸሚዝ ለብሷል። አቧራ ሳይኖርበት ሳየው የማላውቀው ሰው መሰለኝ።

"ኦቦ ጉተማስ?"

"ተቀምጠዋል። እየበሉ ነው። አባቴ እያጎረሳቸው ነው።"

ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው እርጥብ ነበር።

"አቶ በንቲ ደውለውልኛል። እሺ ተባለ አሉኝ።"

"ተባለ።"

"ማን አለ?"

"መጀመሪያ እኔ።"

ራሱን ነቀነቀ። ደስታ ፈለግሁበት፤ አጣሁት።

"ለመምህሬ ጻፍኩላት ኦሊያድ። ስምህን። ሁሉንም። ውሉን ልትሰርዝብኝ ትችላለች።"

"ስሜን ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ" አለ፣ ከልቡ። "እሺውን ግን አልቀበልሽም።"

"ምን?"

"ሽማግሌ መሬት ላይ ወድቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አባትሽ እየጮሁ፤ እዚያ መሃል እሺ የማይል ማን ነው? ጠላቴም ቢሆን እሺ ይላል። እንዲህ ተይዘሽ እሺ ያልሽውን ይዤ ብሄድ፣ ከዚያ ከሰረገላው ሰውዬ በምን እሻላለሁ?"

"እውነቴን ነው ያልኩት!"

"ሊሆን ይችላል። ሰው በማይሞትበት ቀን፣ ራሴ እጠይቅሻለሁ። ያን ጊዜ እምቢ ማለትም ትችያለሽ።"

"መቼ?"

"ነገ። አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ ስወጣ።"

"አሁን ጠይቀኝ።"

"እጅሽ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው።"

"ያንተም" አልኩት።

እጁን አየውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ትንሽ ፈገግ ሊል ከንፈሩ ጀመረና ተወው። ከዚያ ወደ ታክሲዎቹ ሄደ፣ ሳይቸኩል፣ አንዴም ሳይዞር፤ የጀሞው ሚኒባስ በሩን ዘግቶበት ሲነሣ እንኳ ፊቱ በመስኮቱ በኩል ወደ ፊት ነበር የሚያየው።

ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ከግቢያችን የአቶ በንቲ ሳቅ ይሰማኛል፣ የእናቴ ድምፅ "ሌላ ልጨምርልዎት" ሲል ይሰማኛል። ወደ ቤት መግባት አቃተኝ። ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ይቀራል። እስከ ዛሬ ስፈራው የኖርኩት የራሴን መልስ ነበር፤ አሁን ግን መልሱን አውቀዋለሁ። አሁን የፈራሁት ሌላ ነው። እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ኦሊያድ ጥያቄውን እንዳይተወው።